ትምህርት 12፦ አነጻጽሮ መፍረድ

ባለፈው ትምህርት ገላጭ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ ተመልክተናል። በዚህኛው ደግሞ ሁለት ነገሮችን አነጻጽሮ ፍርድ የሚሰጥ ድርሰት ምን ምን ማሟላት እንደሚገባው እናያለን። ለምሳሌ የመረጥነው ጉዳይ ኳንተም ኮምፒዩተር የሚባለው አዲስ የስሌት መሣሪያ ነው። ርእሱ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በዚህ መሣሪያ ላይ ከተሰጡት የተሳሳቱ ፍርዶች ብዙዎቹ የተሳሳቱት በሒሳብ ሳይሆን በዐረፍተ ነገር ነው።

ሀ. «ይበልጣል» የሚለው ግሥ የሚጠይቀው

በአማርኛ ስናነጻጽር አብዛኛውን ጊዜ «ከ» በተባለው መስተዋድድና «በለጠ»፣ «ተሻለ»፣ «ፈጠነ»፣ «ቀደመ» በመሳሰሉት ግሦች እንጠቀማለን። የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር ተመልከቱ።

«መኪና ከበቅሎ ይበልጣል።»

በሰዋስው በኩል ጉድለት የለበትም። ባለቤት አለው፤ የሚነጻጸርበት ስም አለው፤ ማሰሪያ አንቀጽም አለው። ነገር ግን በሰሜን ወሎ፣ በዋድላ ወረዳ፣ ኮን ከተማ ለሚኖር ሰው ይህን ብትነግሩት «ለምኑ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ዐሥር ኩንታል ገብስ ከኮን ወደ ጋሸና ለማድረስ ከሆነ የጭነት መኪናው ያለ ክርክር ይቀድማል። በዋድላና በደላንታ መካከል ባለው ታላቅ ገደል ውስጥ ወደምትገኝ፣ የመኪና መንገድ ወዳልገባባት መንደር መድኃኒት ለማድረስ ከሆነ ግን መኪናው ከገደሉ አፋፍ ላይ ይቀራል፤ በቅሎዋ ትወርዳለች። ሁለቱም ፍርዶች እውነት ናቸው። ሐሰት የሚሆነው «ለምኑ» ሳይባል በደፈናው የተሰጠው ፍርድ ነው።

ስለዚህ «ይበልጣል» ብሎ የጻፈ ሰው ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት፦ ከምን? በምን? በየትኛው ሥራ? ሰዋስው የሚያስገድደን የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ የቀሩትን ሁለቱን የሚያስገድደን ሕሊናችን ነው።

ለ. ሁለት የተማሪ ደብተሮች

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ገና አስተማሪ ሳለሁ አንድ ወሬ በየጋዜጣውና በየሬዲዮው ተነገረ። ጉግል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲካሞር የሚባል 53 ኪዩቢት ያለው የኳንተም መሣሪያ ሠርቶ፣ አንድን ስሌት በ200 ሰከንድ ጨርሷል፤ ይኸው ስሌት በዓለም ካሉት ኮምፒዩተሮች በኃያሉ ቢሠራ 10,000 ዓመት ይፈጅ ነበር የሚል ነው። ወሬውን ለተማሪዎቼ አንብቤ «አዲሱ መሣሪያ ከአሮጌው ይበልጣልን?» የሚል የድርሰት ርእስ ሰጠኋቸው።

አንዱ ተማሪ አዲሱን መሣሪያ በሚያምር ቋንቋ አወደሰው፤ ከዐሥር ዘጠኝ ሰጠሁት። ሌላው ግን ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። ድርሰቱን የዘጋው እንዲህ በማለት ነበር፦ «ዐሥር ሺሕ ዓመት ይፈጅብሃል የተባለው አሮጌው ኮምፒዩተር ነው፤ ይህን የተናገረው ግን ባላጋራው ነው። እርሱ ተጠርቶ ቃሉን እስኪሰጥ ድረስ መፍረድ አልችልም።» ርእሱን የሸሸ መስሎኝ ከዐሥር አራት ሰጠሁት። የሆነውን ወደ በኋላ እንመለስበታለን። በቅድሚያ ግን መሣሪያው ምን እንደሆነ ባጭሩ እንወቅ፤ ያላወቁትን ነገር ማነጻጸር አይቻልምና።

ሐ. መሣሪያው ምንድን ነው?

የተለመደው ኮምፒዩተር መረጃን የሚይዘው ቢት በሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ነው። አንድ ቢት ወይ 0 ወይ 1 ነው። የኳንተም ኮምፒዩተር ክፍል ደግሞ ኪዩቢት ይባላል። ኪዩቢት እስኪለካ ድረስ 0ንና 1ን በተለያየ መጠን ባጣመረ ሁኔታ ሊቆይ ይችላል፤ በተለካ ጊዜ ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይሰጣል። ኪዩቢቶች ሲበዙ የጋራ ሁኔታቸውን ዘርዝሮ መጻፍ በጣም ከባድ ይሆናል። ለ10 ኪዩቢት 1,024 ቁጥሮች ይበቃሉ፤ ለ20 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ያስፈልጋሉ፤ ለ53 ግን ወደ 9 ሺሕ ትሪሊዮን የሚጠጉ ቁጥሮች መጻፍ ሊኖርብን ነው።

ከዚህ ተነሥተው ብዙ ጸሐፊዎች «ኳንተም ኮምፒዩተር ሁሉንም መልሶች ባንድ ጊዜ ሞክሮ ትክክለኛውን ያወጣል» ይላሉ። ይህ አሳሳች አባባል ነው። መሣሪያው ሲለካ የሚሰጠው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ በዘፈቀደ ከተለካ ደግሞ የሚወጣው መልስ ዕጣ ከማውጣት አይሻልም። ጥቅሙ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ወደ ጸጥተኛ ኩሬ ሁለት ድንጋዮች ወርውራችሁ ታውቁ ይሆናል። ሁለቱ ሞገዶች ሲገናኙ አንዳንድ ቦታ ተደምረው ከፍ ይላሉ፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ተጣፍተው ውኃው ይረጋል። የኳንተም ስሌትም እንደዚሁ የተሳሳቱት መልሶች እርስ በርሳቸው እንዲጣፉ፣ ትክክለኛው ግን እንዲበረታ ተደርጎ ሊቀነባበር ይገባዋል። እንዲህ ያለ ቅንብር የተገኘው ለአንዳንድ ጥያቄዎች ነው፤ ለሁሉም አልተገኘም።

መ. በየትኛው ሥራ?

ከሁሉ አስቀድሞ የተጠቆመው ሥራ የተፈጥሮን ጥቃቅን አካላት መምሰል ነው። ሪቻርድ ፋይንማን የተባሉት የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 እንዳሳሰቡት፣ አተሞችና ሞለኪውሎች ራሳቸው በኳንተም ሕግ የሚሄዱ ስለሆኑ እነርሱን ለማስላት በዚያው ሕግ የሚሄድ መሣሪያ ሊመች ይገባዋል።

ሁለተኛው ቁጥርን ወደ ተባዦቹ መበተን ነው። 15 ከ3 እና ከ5 የተገኘ መሆኑን ማንም ያውቃል። የመቶዎች አኃዝ ርዝመት ያለው ቁጥር ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ባለ 250 አኃዙን አንድ ቁጥር በተለመዱት ኮምፒዩተሮች ለመበተን የፈጀው ሥራ፣ አንዲት የማስሊያ ክፍል ብቻዋን ብትሠራው ወደ 2,700 ዓመት የሚጠጋ ነበር። የባንክና የስልክ መልእክቶችን ምስጢር የሚጠብቁት ቁልፎች ብዙዎቹ የቆሙት በዚሁ ችግር ላይ ነው። ፒተር ሾር የተባሉት የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1994 ኳንተም ኮምፒዩተር ይህን ሥራ በእጅጉ ባነሰ እርምጃ የሚፈጽምበትን ዘዴ አሳዩ።

ሦስተኛው ፍለጋ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። አንድ ሚሊዮን ስሞች ያለ ምንም ቅደም ተከተል ተጽፈዋል እንበል። አንዱን ስም ለማግኘት በተለመደው መንገድ በአማካይ ግማሽ ሚሊዮን ጊዜ መመልከት ያስፈልጋል። ሎቭ ግሮቨር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳዩት የኳንተም ዘዴ ግን አንድ ሺሕ ያህል እርምጃ ይበቃል። ድንቅ ነው! ነገር ግን ስሞቹ በፊደል ተራ ተደርድረው ቢሆን ኖሮ ተራው ኮምፒዩተር፣ ሌላው ቀርቶ ታጋሽ ጸሐፊ፣ መዝገቡን ከመሐል እየከፈለ በ20 እርምጃ ያገኘዋል። የሥራው ጠባይ ሳይመረመር የመሣሪያው ኃይል ብቻውን ምንም አይነግረንም።

ደብዳቤ ለመጻፍ፣ የተማሪዎችን ውጤት ለመደመር፣ የሱቅ ሒሳብ ለመያዝ ኳንተም ኮምፒዩተር አንዳች ብልጫ የለውም። እዚህ ላይ ቀለም ማባከን አያስፈልግም።

ሠ. ከምን?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነው። አዲሱን መሣሪያ ስናነጻጽር የምናቀርብለት ባላጋራ አሮጌው መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ በአሮጌው መሣሪያ ላይ የሚሠራው ምርጥ ዘዴ ነው። በመሣሪያና በዘዴ መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት ከአገራችን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በ2018 ዓ.ም. የነነዌ ጾም መቼ እንደሚገባ ማወቅ ፈለግን እንበል። ዘዴ የሌለው ሰው ጨረቃን እየተከተለ ወራትን ሲቆጥር ይኖራል። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ግን እንዲህ ያደርጋል። በ2018 ላይ 5,500 ይደምርና 7,518 ያገኛል። ይህን ለ19 ሲያካፍል 13 ይተርፋል፤ ከ13 አንድ አጉድሎ 12 ይይዛል፤ ይህ ወንበር ይባላል። 12ን በ19 ሲያባዛ 228 ይሆናል፤ ይህን በ30 ገድፎ 18 ያስቀራል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ መስከረም 18 ላይ ይውላል። ቀኑ እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 እና 7 ሲደመሩ 25። ነነዌ ጥር 25 ቀን ትገባለች። በእጁ ምንም መሣሪያ የለም፤ ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ወደ ቦታዋ መመለሷን ያስተዋለ ዘዴ ግን አለው። እንዲህ ያለ ዘዴ መኖሩን የማያውቅ ሰው፣ ይህን ቀን በፍጥነት የሚቆጥር መኪና ሠርቶ «ከሰው በሺሕ እጥፍ በለጥሁ» ቢል ያነጻጸረው ዘዴ ከሌለው ሰው ጋር ነው።

በኳንተም ዓለምም ይኸው ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዮርዳኒስ ኬሬኒዲስና አኑፓም ፕራካሽ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ለሰዎች የሚወዱትን ዕቃ ወይም ፊልም ገምቶ የሚጠቁም የኳንተም ዘዴ አቀረቡ፤ ዘዴው በዚያን ጊዜ ከታወቁት ሁሉ እጅግ የፈጠነ ነበር። በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ትማር የነበረች ኢዊን ታንግ የተባለች ወጣት፣ ተራ ኮምፒዩተር ይህን ያህል ሊፈጥን የማይችል መሆኑን እንድታረጋግጥ በመምህሯ በስኮት አሮንሰን ጥያቄው ተሰጣት። ማረጋገጫውን ፈልጋ አጣች፤ ያጣችበት ምክንያት ግን ነገሩ እውነት ስላልነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018፣ በ18 ዓመት ዕድሜዋ፣ በተራ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ተፎካካሪ ዘዴ አወጣች። የኳንተሙ ታላቅ ብልጫም ጠፋ። ወጣቷ የሠራችው አዲስ መሣሪያ የለም፤ አሮጌው ባላጋራ ችሎት ቀርቦ እንዲናገር አደረገችው እንጂ።

አሁን ወደ ሲካሞር እንመለስ። አይቢኤም የተባለው ሌላው ኩባንያ በዚያው በጥቅምት ወር 2012 ዓ.ም. መልስ ሰጥቶ ነበር። መልሱም፣ 10,000 ዓመት የተባለው ግምት የታላቁን ኮምፒዩተር ሰፊ የመረጃ ማከማቻ ከቁጥር አላስገባም፤ ያ ከገባ ሥራው በሁለት ቀን ተኩል ያልቃል የሚል ነበር። በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤታቸውን ያሳተሙ የቻይና ተመራማሪዎች በ512 የማስሊያ ካርዶች በ15 ሰዓት ያህል ሠርተው አሳዩት። ለ200 ሰከንዱ ክብር አልነፍገውም፤ መሣሪያው ያደረገውን አድርጓል። የተሻረው በ«ከ» ወገን የቆመው ቁጥር ነው።

እኔ የአይቢኤምን መልስ ያነበብሁት ከወራት በኋላ ነው። ያን አራት ነጥብ ለማረም ተማሪውን ባስፈልገው ትምህርት ቤቱን ለቆ ነበር፤ ማርኩም ተመዝግቦ አልፏል።

ረ. በምን ያህል መጠን?

ያነሰ እርምጃ ያለው ዘዴ ሁልጊዜ ይቀድማል ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ እርምጃ ቀርፋፋ ሊሆን ይችላልና። ለመልመጃ ያህል ቁጥር እናስብ። አሮጌው መሣሪያ በሰከንድ ሚሊዮን እርምጃ፣ አዲሱ ግን በሰከንድ ሺሕ እርምጃ ብቻ ይራመድ እንበል። አሮጌው የዝርዝሩን ብዛት ያህል፣ አዲሱ ደግሞ የብዛቱን ካሬ ሥር ያህል እርምጃ ይፈልጋሉ።

ዝርዝሩ 10,000 ከሆነ አሮጌው በመቶኛ ሰከንድ ይጨርሳል፤ አዲሱ 100 እርምጃ ስለሚፈልግ አንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ይወስዳል። አሮጌው በለጠ። ዝርዝሩ 1,000,000 ሲሆን ሁለቱም አንድ አንድ ሰከንድ ይወስዳሉ። 100,000,000 ሲሆን አሮጌው 100 ሰከንድ፣ አዲሱ 10 ሰከንድ። አዲሱ በለጠ። መጋጠሚያቸው እንግዲህ አንድ ሚሊዮን ላይ ነው። ነገር ግን የአሮጌው ወገን ዐሥር መሣሪያዎች ገዝቶ ሥራውን ቢያከፋፍል መጋጠሚያው ወደ መቶ ሚሊዮን ይሸሻል። ስለዚህ «ይበልጣል» ያለ ሰው «ከየት ጀምሮ?» ተብሎ ቢጠየቅ መቆጣት የለበትም።

ከዚህ ሌላ መሣሪያውን ወደ ሥራው ቦታ የማድረሱ ድካም አለ። የዋድላ ሰው ይህን ከታሪክ ያውቀዋል። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ያለፉት በዋድላ ነበር። ወደ ደላንታ ለመሻገር በገደሉ ቁልቁለትና ዳገት ላይ መንገድ ማስቆረጥ ነበረባቸው፤ ጉዞው በጠቅላላው ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። የዚያን መድፍ ብቃት በሚተኮስበት ቅጽበት ብቻ የሚመዝን ሰው ግማሹን ዓመት ከሚዛኑ ያስቀራል። የኳንተሙም ፍለጋ እንዲሁ ነው፤ የሚሊዮኑን ስም ዝርዝር አንድ በአንድ ወደ መሣሪያው ማስገባት ራሱ ሚሊዮን እርምጃ ከፈጀ፣ በሺሕ እርምጃ መፈለጉ ያተረፈው ነገር የለም። ሲካሞርን የመሰሉት መሣሪያዎች ደግሞ ከዜሮ በታች ወደ 273 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ቅዝቃዜ ውስጥ የሚሠሩ ናቸው፤ ያም ሆኖ ይሳሳታሉ፤ አንድ እምነት የሚጣልበት ኪዩቢት ለማግኘት ብዙ ተሳሳች ኪዩቢቶችን ማስተባበር ያስፈልጋል።

ሰ. የግሡ መልክና የማስረጃው ልክ

እንግዲህ ጠንቃቃ ጸሐፊ ምን ይጽፋል? ፍርዱን በማስረጃው ልክ የሚይዝ የግሥ መልክ ይመርጣል። አማርኛ በዚህ በኩል ድኻ አይደለም።

«በልጧል» የተፈጸመንና የተለካን ነገር ይናገራል፤ ቀንና ባላጋራ ይጠይቃል። «ይበልጣል» ጠቅላላ ሕግን ይናገራል። የግሮቨር ዘዴ ቅደም ተከተል በሌለው ዝርዝር ውስጥ በመመልከት ብዛት ከተለመደው ይበልጣል ማለት ይቻላል፤ በሒሳብ የተረጋገጠ ነውና። «ይበልጣል ተብሎ ይታመናል» ለሾር ዘዴ ይስማማል፤ ምክንያቱም ቁጥርን በፍጥነት የሚበትን ተራ ዘዴ አልተገኘም እንጂ ሊኖር አይችልም ብሎ ያረጋገጠ የለም። «ሊበልጥ ይችላል» ደግሞ ለመድኃኒትና ለማዳበሪያ ምርምር ስለሚጠበቀው ጥቅም የሚገባ ቃል ነው።

ጥንቃቄ ግን ሁልጊዜ መጠራጠር ማለት እንዳይመስላችሁ። ግምት በሌላው አቅጣጫም ይሳሳታል። ክሬግ ጊድኒ የተባሉት ተመራማሪ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ግምት፣ በሰፊው የሚሠራበትን ባለ 2,048 ቢት የምስጢር ቁልፍ በ8 ሰዓት ለመስበር 20 ሚሊዮን ኪዩቢት ያስፈልግ ነበር። እኚሁ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2025 ጊዜው ከሳምንት በታች ቢሆን ከአንድ ሚሊዮን ያነሰ ይበቃል አሉ። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ያሳየው መሣሪያ 1,121 ኪዩቢት ስለነበረው ርቀቱ ገና ሰፊ ነው፤ ሆኖም ዛሬ የተጠለፈ መልእክት ተቀምጦ ከዓመታት በኋላ ሊነበብ ይችላል። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም የኳንተምን ጥቃት ይቋቋማሉ የተባሉትን የመጀመሪያዎቹን ሦስት የምስጢር አጠባበቅ ደረጃዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ያወጣው ስለዚህ ነው። «ሊበልጥ ይችላል» የሚለውም ቃል አንዳንድ ጊዜ ለሥራ ያስነሣል።

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 አይቢኤም ከደቡብ አፍሪካው የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ባደረገው ስምምነት፣ የአፍሪካ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ኅብረት ተመራማሪዎች የኩባንያውን የኳንተም መሣሪያዎች ከሩቅ ሆነው እንዲጠቀሙ ታቅዶ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዚህ ኅብረት አባል ነው፤ በዚያን ጊዜ የኩባንያውን የአፍሪካ ምርምር ይመሩ ከነበሩት አንዱም በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆኑት ዶክተር ሰሎሞን አሰፋ ነበሩ። እንዲህ ባለ መሣሪያ የመሥሪያው ጊዜ የተቆጠረ ነው። የትኛውን ጥያቄ ወደ አዲሱ፣ የትኛውን ወደ አሮጌው መሣሪያ እንውሰድ የሚለውን መወሰን የተመራማሪው ድርሻ ይሆናል፤ ምናልባትም ከእናንተ መካከል የአንዱ።

መልመጃ

1. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች «ከምን፣ በምን፣ በየትኛው ሥራ» የሚሉትን ጥያቄዎች እንዲመልሱ አድርጋችሁ እንደገና ጻፉ።
   ሀ) የጀበና ቡና ይሻላል።
   ለ) አዲሱ መንገድ ይፈጥናል።
   ሐ) ኳንተም ኮምፒዩተር ከተለመደው ይበልጣል።

2. በክፍል «ረ» በተሰጡት ቁጥሮች፣ አዲሱ መሣሪያ በሰከንድ 10,000 እርምጃ ቢራመድና አሮጌው አንድ ብቻ ቢሆን መጋጠሚያው የት ላይ እንደሚውል አስሉ። ውጤቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ግለጹ።

3. «በልጧል»፣ «ይበልጣል»፣ «ይበልጣል ተብሎ ይታመናል»፣ «ሊበልጥ ይችላል» በሚሉት ስለ አካባቢያችሁ የእርሻ መሣሪያዎች አራት ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ። ለእያንዳንዱ ማስረጃችሁን አክሉ።

4. በክፍል «ለ» የተጠቀሰውን የሁለተኛውን ተማሪ መዝጊያ እንደገና አንብቡ። እናንተ አራሚ ብትሆኑ ከዐሥር ስንት ትሰጡት ነበር? ምን ቢጨምርበት ሙሉ ያገኝ ነበር? በሁለት አንቀጽ ጻፉ።